ምዕራፍ ስድስት፦ ከደመወዝ የሚተርፈው

አንድ ወረዳ ለትምህርት ከያዘው በጀት ላይ የመምህራን ደመወዝ ሲነሣለት የሚቀረው ጥቂት ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ ብቸና ወይም ሞጣ ከተማ ውስጥ ባለ ትምህርት ቤትም ሆነ በዙሪያቸው ባሉት የገጠር ቀበሌዎች ጠመኔ የሚገዛው፣ የፈተና ወረቀት የሚባዛው፣ የተሰበረ ወንበር የሚጠገነው ከዚያ ጥቂት ገንዘብ ላይ ነው። እሱ ሲያልቅ ርእሰ መምህሩ ወላጆችን ይጠራል። የወላጅ መምህር ኅብረት ተሰብስቦ ይነጋገርና በልጅ ይህን ያህል ብር፣ ወይም በአባወራ ይህን ያህል እህል ይዋጣ ይባላል። የሚከፍለው ይከፍላል፤ የሌለው በጉልበቱ ድንጋይ ያመላልሳል፣ ጭቃ ያቦካል።

እንግዲህ ትምህርት ቤቱን የሚያቆሙት ሁለት ዓይነት ገንዘቦች ናቸው። አንደኛው በምክር ቤት ተከራክረውበት በአዋጅ የሚጸድቅ ነው። ሁለተኛው ከአዋጁ ውጭ ነው፤ መጠኑንም፣ ከማን እንደሚሰበሰብም፣ ከማን እንደማይሰበሰብም የሚወስን ሕግ የለውም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል ከክፍያ ነፃ ነው ቢልም፣ ገበሬው ሳይከፍል ያደረበት ዓመት ግን የለም። እኔ የማምነው ይህ መዋጮ ማንም ያላወጀው ግብር መሆኑን ነው። ስለዚህም የአማራ ክልል ምክር ቤት ሌላውን አጀንዳ ሁሉ አስቀምጦ፣ ለትምህርት ቤት ገንዘብ ብቻ አንድ አስቸኳይ ጉባኤ መጥራት አለበት እላለሁ። ይህን ለምን እንደምል ለማስረዳት በቅድሚያ ብሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሞጣ እስኪደርስ በማን በማን እጅ እንደሚያልፍ እንይ።

የብሩ ጉዞ

ክልሎች ከሚያወጡት ገንዘብ ትልቁ ከራሳቸው የሚመነጭ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 97 ለክልሎች የተወላቸው የግብር ምንጮች፣ የግል ገበሬ ገቢና የመሬት መጠቀሚያ ክፍያን የመሳሰሉት፣ ፍሬያቸው አነስተኛ ነው። ጉድለቱን የሚሞላው የፌዴራል ድጎማ ሲሆን የሚከፋፈልበትን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ለ2017 በጀት ዓመት ከጸደቀው 971.2 ቢሊዮን ብር ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተመደበው ወደ 222.7 ቢሊዮን ይጠጋ ነበር።

የአማራ ክልል ድርሻ ባሕር ዳር ሲደርስ የክልሉ ምክር ቤት እንደገና ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከፊሉ ለክልል ቢሮዎች፣ ከፊሉ ለወረዳዎችና ለከተማ አስተዳደሮች። እስከ 1993 ድረስ ወረዳ የራሱ በጀት አልነበረውም፤ የሚያስፈልገውን እየጻፈ ወደ ዞን ይልክና የተሰጠውን ይቀበል ነበር። በ1994 አማራ፣ ኦሮሚያ፣ ትግራይና የደቡብ ክልል ለወረዳዎቻቸው ጥቅል በጀት መስጠት ጀመሩ። ያን ጊዜ ቀመሩ የሚመዝነው የሕዝብ ብዛትን፣ የልማት ደረጃንና ወረዳው ገቢ ለመሰብሰብ ያሳየውን ጥረት ነበር። ኋላ ግን አንድን ተማሪ ማስተማር፣ አንድን በሽተኛ ማከም ስንት ይፈጃል ወደሚለው ስሌት ተለወጠ። ወረዳው ጥቅሉን ብር ከተረከበ በኋላ ለጤና ስንት፣ ለግብርና ስንት፣ ለትምህርት ስንት እንደሚደርስ የሚወስነው የራሱ ምክር ቤት ነው። በወረቀት ሲታይ ይህ ከቀደመው ዘመን በእጅጉ የተሻለ ሥርዓት ነው፤ እኔም እንዲፈርስ አልፈልግም።

ነገር ግን ወረዳው በነፃነት የሚወስንበት ገንዘብ ምን ያህል ነው? መምህራን ተቀጥረዋል፤ ደመወዛቸው ግዴታ ነው። በአብዛኞቹ የገጠር ወረዳዎች ትምህርት ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፣ ከትምህርቱም እጅግ የሚበዛውን ደመወዝ ይወስደዋል። ለሥራ ማስኬጃ የሚቀረው ስብርባሪ ነው። አዲስ ክፍል መገንባት የሚባለው ነገር ደግሞ በካፒታል በጀት የሚያዝ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከወረዳው አቅም በላይ ይሆናል።

እዚህ ላይ ሰዎች ልብ የማይሉት አንድ ነገር አለ። የመምህር ደመወዝ ሲጨመር ትምህርት ቤቱ ሊደኸይ ይችላል። ጭማሪው ተገቢ ነው፤ መምህራን ከኑሮ ውድነቱ ጋር የሚታገሉበትን ደመወዝ የሚያውቅ ሁሉ አይቃወመውም። ሆኖም የወረዳው ጥቅል ድጎማ በዚያው ልክ ካላደገ፣ ጭማሪው የሚከፈለው ከጠመኔውና ከወረቀቱ ላይ ተቀንሶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደመወዝ ተስተካከለ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በኅዳር 2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት አጸደቀ። ከዚህ የምንማረው ምክር ቤት ከፈለገ በዓመቱ መካከል በጀቱን እንደገና መክፈት እንደሚችል ነው። ጉዳዩ አስቸኳይ ነው ብሎ ካመነበት ጊዜው አልፏል የሚባል ነገር የለም።

በ2001 የተጀመረውና በዓለም ባንክና በሌሎች ለጋሾች የተደገፈው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሞክሯል። ለየትምህርት ቤቱ በተማሪ ቁጥር ልክ ድጎማ ይላክ ነበር፤ አወጣጡንም ርእሰ መምህሩና ወላጆች በመሻሻል ዕቅዳቸው ላይ ተመሥርተው ይወስኑ ነበር። ብዙ የገጠር ርእሰ መምህራን በእጃቸው ላይ የሚያዙበት ብር ያገኙት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ለምሳሌ በተማሪ 50 ብር ቢመደብ ሺህ ልጅ ያለው ትምህርት ቤት 50 ሺህ ብር ያገኛል ማለት ነው። በ2001 አንድ ዶላር በ10 ወይም በ12 ብር ገደማ ይመነዘር ነበርና ያ ገንዘብ መጻሕፍትም፣ ቆርቆሮም ይገዛ ነበር። ከ2016 ማብቂያ ወዲህ ግን ዶላሩ ከመቶ ብር ተሻግሯል። ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ የማባዣ ማሽኑ ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። የብሩ ቁጥር ባለበት ቆሞ አቅሙ ሲሟሽሽ፣ ልዩነቱ በመጨረሻ የሚወድቀው ወላጅ ላይ ነው።

ከዲማ እስከ 1960

የዚህ አገር ሰው ለትምህርት መክፈል አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም ለትምህርት ወጪ ማውጣትን ከብቸና ዙሪያ ሰው በላይ የሚያውቀው ጥቂት ነው። በእነማይ ወረዳ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ከዚያም ከፍ ብሎ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ለዘመናት የቅኔና የመጻሕፍት ትምህርት የተሰጠባቸው ደብሮች ናቸው። መምህሩን የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ያኖረዋል። ተማሪው ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል፣ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን ይዞ በየደጁ እየዞረ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ይለምናል። ከቤት ወጥታ ቁራሽ የምትሰጠው እናት በዚያን ቀን የአንድ ተማሪን ወጪ ሸፈነች ማለት ነው። ማንም መዝግቦት አያውቅም፤ ግን ሺህ ሊቃውንትን ያወጣ የትምህርት ፋይናንስ ሥርዓት ነበር። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው ቦታዎች አንዱ ዲማ ነው።

ይህን የማነሣው ያለፈውን ዘመን ለማወደስ አይደለም። ተማሪ በውሻ እየተነከሰ፣ በወረርሽኝ እየረገፈ ያለፈበት ዘመን ነው፤ ሴት ልጅ ደግሞ ከዚያ ማዕድ ላይ ቦታ አልነበራትም። የምፈልገው አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ሰጪው የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ያየዋል። ቁራሹን የበላው ልጅ በሚቀጥለው እሑድ ቅኔ ሲቀኝ ይሰማዋል።

ዘመናዊው መንግሥት ትምህርትን በግብር ለማስተዳደር የሞከረው ከጣልያን ጦርነት በኋላ ነው። በ1940 በወጣው አዋጅ ቁጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡም ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውልና በየጠቅላይ ግዛቱ በሚቋቋሙ የትምህርት ቦርዶች እንዲተዳደር ታሰበ። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ገንዘቡ በተሰበሰበበት አገር ለዚያው አገር ልጆች ይውል ዘንድ የታሰበ ነው። በ1951 የጤና ግብር ተጨመረበት። ጎጃም ግን በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የተለየ አያያዝ ነበረው። መሬቱ በቀላድ አልተለካም፤ የ1937ቱ የመሬት ግብር አዋጅም ጎጃምን፣ በጌምድርንና ትግራይን በ1927 ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ትቷቸው ነበር። ለጎጃም ገበሬ ርስቱን በገመድ አለማስለካት የነፃነቱ ምልክት ነበር።

ኅዳር 1960 ላይ ፓርላማው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅን፣ ቁጥር 255ን አጸደቀ። ረቂቁ በምክር ቤቱ ውስጥ ብዙ ክርክር ተደርጎበታል፣ ተቆራርጧልም፤ የመሬት ባለቤቶች ብዙ በነበሩበት ፓርላማ ይህ የሚጠበቅ ነው። አስራትን ሽሮ በምትኩ ከእርሻ በሚገኝ ገቢ ላይ ግብር የሚጥል፣ በዘመኑ የተራማጅ ሐሳብ የሚመስል ሕግ ነበር። ገቢው እንዲታወቅ ግን ገማች ወደ ማሳው መምጣት አለበት። ገበሬው ገማቹን ሲያይ ከጀርባው ቀላዱን አየ፣ ቀጥሎም የርስቱን መወሰድ። ብቸናና ሞጣ አውራጃዎች ከዳሞት ጋር የእምቢታው ዋና መናኸሪያ ሆኑ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ በኃይል ሊገፉበት ሞከሩ፤ ጦር ተላከ፣ አየር ኃይልም ተሰማራ። ሕዝቡ አልተንበረከከም። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ገዥውን አነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፣ አዲሱ ግብርም በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ርስትና ስለ አገዛዝ ነው፤ ትክክልም ነው። የትምህርት ገንዘብ ታሪክ አድርጎ የሚያነበው ሰው ግን ሌላም ነገር ያገኝበታል። የ1960 የሞጣ ገበሬ የመሬት ግብር፣ የትምህርት ግብር፣ የጤና ግብር እየተባለ ሲጠየቅ ኖሯል። በቀበሌው ግን ልጁ የሚገባበት ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ጤና ጣቢያም እንደዚሁ። ትምህርት ቤት ሲከፈት አስቀድሞ የሚከፈተው በአውራጃው ከተማ ነው። ከፍሎ ፍሬውን ያላየ ሰው እንደገና ክፈል ሲባል መጠየቁ አይገርምም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር ውስጥ የዲማ አካባቢ ገበሬዎች የፊታውራሪ መሸሻን አዲስ ግብር እምቢ ሲሉ አሳይተውን ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይቆይ እውነቱ ልብ ወለዱን ደረሰበት።

መዋጮ የሚባለው ግብር

ዛሬ ያ ሁኔታ ተለውጧል። ደርግ በ1971 የጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም፣ ከዚያ ወዲህ በየቀበሌው የተስፋፋው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትም በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ልጆች የሚገቡበት በር ከፍተዋል። ከትምህርት ቤቶቹም ብዙዎቹ የተሠሩት በሕዝብ ጉልበትና እንጨት ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ትምህርት ለትውልድ ብሎ በ2015 የጀመረው ንቅናቄም የሚጠራው ይህንኑ ሕዝብ ነው። ንቅናቄው ሲጀመር ሚኒስቴሩ ራሱ እንደገለጸው ከአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ከሰማንያ በመቶ በላይ የሚሆኑት ከደረጃ በታች ነበሩ። ውጤቱ በፈተናው ይታያል። የ12ኛ ክፍልን አገር አቀፍ ፈተና ወስደው ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበሩ።

ሕዝቡ ሲጠራ ይመጣል። ችግሩ ሁሉም እኩል ይዞ አለመምጣቱ ነው። ሞጣ ከተማ አስተዳደር ነው፤ ነጋዴ አለው፣ ውጭ አገር የሚኖር ተወላጅ አለው፣ የማዘጋጃ ቤት ገቢ አለው። ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ቀበሌ ግን የሚያዋጣው ያመረተውን ነው፤ ዝናቡ ካጠረ ይህም የለም። በመዋጮ የሚቆም ትምህርት ቤት የወላጁን ኪስ ይመስላል። በጀቱ በቀመር ተመዝኖ፣ ለደኸየው እንዲያደላ ተብሎ ተሰልቶ ከወረደ በኋላ፣ በመዋጮ በኩል ያ ሁሉ ስሌት ይገለበጣል። ለእኔ ከዚህ ምዕራፍ ነገር ሁሉ ዋናው ይህ ነው። ፍትሐዊ ቀመር ለደመወዝ ሠርቶ ለጠመኔው ካልሠራ፣ የቆላው ልጅ መምህር ያገኛል እንጂ ትምህርት አያገኝም።

ይህንን ጉዳይ ምክር ቤት ጠርተው የፈቱ ሰዎች አሉ። አሜሪካ ውስጥ የካንሳስ ግዛት ሕገ መንግሥት ሕግ አውጪው ለትምህርት ተገቢ ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። የተወሰኑ ወረዳዎች ለድሃው ወረዳ የሚመደበው አይመጥንም ብለው ከሰሱ። የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2016 እ.ኤ.አ. በሀብታምና በድሃ ወረዳዎች መካከል ያለው ልዩነት እስከ ሰኔ 30 ካልተስተካከለ ትምህርት ቤቶቹ ሥራቸውን ሊቀጥሉ አይችሉም አለ። አገረ ገዥው ሳም ብራውንባክ ልዩ ጉባኤ ጠሩ፤ ሕግ አውጪዎቹ ሰኔ 23 እና 24 ተቀምጠው ለድሃ ወረዳዎች 38 ሚሊዮን ዶላር መድበው ተበተኑ። ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀው።

በእኛ አገር ፍርድ ቤት እንዲህ ሊያደርግ አይችልም፤ ሕገ መንግሥትን የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ቃሉ ግን አለን። አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለትምህርት፣ ለጤናና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ ይጥልበታል። እያደገ የሚለው የብሩን ቁጥር ነው ወይስ የብሩን የመግዛት አቅም? ይህን የሚጠይቅ ዳኛ ከሌለ፣ መጠየቅ ያለበት የሕዝብ እንደራሴው ነው።

ባዶ ክፍል

አስቸኳይ የሚለውን ቃል የተጠቀምሁት በዋዛ አይደለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ የአማራ ክልል በጦርነት ውስጥ ነው፤ ብቸናም ሞጣም አላመለጡም። በ2017 የትምህርት ዘመን በክልሉ ከአራት ሚሊዮን በላይ ልጆች ከትምህርት ውጭ ነበሩ። ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፣ የታጠቀ ኃይል ሰፍሮባቸዋል፣ ወንበርና መጻሕፍት ጠፍተዋል። መምህራን ተሰደዋል፣ ተገድለዋልም።

ቀመሩ ደግሞ የተማሪን ቁጥር ይከተላል። ድጎማው በተመዘገበ ልጅ ልክ ሲሰላ ልጆች ያልገቡበት ትምህርት ቤት የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ጣራው የተነቀለ፣ በሩ የተሰበረ ትምህርት ቤት ለመክፈት ከሌላው ጊዜ በላይ ገንዘብ ይፈልጋል፤ ስሌቱ ግን ተማሪ ስለሌለው ገንዘብ አያስፈልገውም ይላል። ሰላም በወረደ ማግስት ልጁ ሊመለስ ሲመጣ የሚቀመጥበት የለም። ወላጁ መዋጮ ይጠየቃል፤ ያ ወላጅ ደግሞ እህሉ የተወሰደ፣ ገበያው የተዘጋበት፣ ምናልባትም የቤተሰብ ሰው የቀበረ ነው። በሰላሙ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ቀመር በጦርነት ጊዜ የተጎዳውን ይቀጣል። ይህን የሚያስተካክለው የወረዳ ካቢኔ አይደለም፤ የወረዳ ካቢኔ ያልተሰጠውን ማካፈል አይችልም።

ነሐሴ 8 ቀን 2015 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በእረፍት ላይ ሳለ በአስቸኳይ ተጠርቶ በዚሁ ክልል የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አጸደቀ። ስለ ጸጥታ ሲሆን እንደራሴዎች ከየቤታቸው ይጠራሉ። ለሚሊዮን ልጆችም እንዲሁ መጠራት አለባቸው።

እንዲህ ያለው ጉባኤ ቢጠራ በመጀመሪያ ሊወስነው የሚገባው ደመወዝ የማይነካው፣ በተማሪ የሚሰላ የሥራ ማስኬጃ ወለል ነው፤ ወለሉም በየዓመቱ ከዋጋ ንረቱ ጋር የሚነሣ ይሁን። ለተዘጉት ትምህርት ቤቶች ስሌቱ ከጦርነቱ በፊት በነበረው የተማሪ ቁጥር ቢያዝ ገንዘቡ ልጁን ይጠብቀዋል። መዋጮውን መከልከል አልደግፍም፤ ሰው ለልጁ መስጠት መብቱ ነው፣ ክብሩም ነው። ነገር ግን ይመዝገብ። የየቀበሌው መዋጮ ስንት እንደሆነ በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ከታወቀ ምክር ቤቱ ትንሽ ላዋጣው ቀበሌ በድጎማ ሊሞላለት ይችላል፤ ያልተመዘገበ ነገር ሊካካስ አይችልም። ወጪውም በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ወላጅ ያንብበው፤ ማንበብ ለማይችለው ልጁ ያንብብለት። ለመልሶ ግንባታው የሚበቃ ገንዘብ ክልሉ ብቻውን የለውም፤ የፌዴራል መንግሥቱንና ለጋሾችን መጠየቁም የዚያው ጉባኤ ሥራ ነው። ቁጥሩን አስልቶ፣ በውሳኔ አስደግፎ የሚጠይቅ ምክር ቤት ከሚለምን ቢሮ ይልቅ ይሰማል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ምዝገባ በነሐሴ መጨረሻ፣ ትምህርት በመስከረም። ለትምህርት ቤት የሚላከው ድጎማ ግን በየቢሮው ሲንከባለል ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የመጀመሪያው መንፈቅ ከተጋመሰ በኋላ ነው፤ መስከረም ላይ ያለውን ክፍተት የሚሸፍነው የወላጅ ብር ነው። ምክር ቤቱ በጀቱን ሲያጸድቅ የመጀመሪያው ክፍያ ከምዝገባው በፊት በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ እንዲገባ ቀኑን ጭምር በአዋጁ ውስጥ ቢጽፍ፣ ርእሰ መምህሩ ወላጅን ሲጠራ የሚያወራው ስለ ልጆቹ ትምህርት ይሆናል።